ክለቡን ያዳኑትም የወሰዱትም ሰው፤ ሰር ሄንሪ ኖሪስ

ሰኞ ጧት በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ ግቢ ወጣቶች ሲገናኙ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚነሣው ጨዋታ የእንግሊዝ አገር እግር ኳስ ነው። በተለይ አርሴናል የተባለው የሎንዶን ክለብ በአገራችን ወዳጁ ብዙ ነው። ክለቡ የተሸነፈ እንደ ሆነ ነቀፌታው በተጫዋቾች ላይ ብቻ አይቀርም፤ ወደ አሠልጣኙ፥ ከአሠልጣኙም አልፎ ወደ ባለቤቱ ይደርሳል። በሚያዝያ ወር 2021 ዓ.ም. በሺህ የሚቆጠሩ ደጋፊዎች በስታዲየሙ ደጅ ተሰብስበው አሜሪካዊው ባለቤት ክለቡን እንዲለቁላቸው ሲጮኹ በቴሌቪዥን አይተናል። ይህ በዘመናችን የመጣ ነገር የሚመስላቸው አሉ። ነገር ግን የዚሁ ክለብ ደጋፊዎች ከመቶ ዓመት በፊት ከባለቤታቸው ጋር የተጣሉት ጥል ከዚህ የመረረ ነበር፤ ምክንያቱም ያን ጊዜ ባለቤቱ ክለቡን ከነስሙ አንሥተው ወንዝ አሻግረው ወሰዱት። የዛሬው ጽሑፋችን ስለ እኚህ ሰው ሕይወት ነው። ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።

ሄንሪ ኖሪስ በሐምሌ ወር 1865 ዓ.ም. በደቡብ ሎንዶን ኬኒንግተን በተባለው ሰፈር ከሠራተኛ ቤተ ሰብ ተወለዱ። በ14 ዓመታቸው ትምህርታቸውን አቋርጠው በአንድ የጠበቃ ጽሕፈት ቤት ተቀጠሩ። እዚያ 18 ዓመት ያህል ሲቆዩ ዩኒቨርሲቲ ሳይረግጡ ውል ምን እንደ ሆነ፥ ኪራይና ዕዳ እንዴት እንደሚታሰር፥ እንዴትም እንደሚፈታ ዐወቁ። እኛ ዲግሪ ይዘን የወጣነው ብዙዎቻችን አንድ የቤት ኪራይ ውል ቀርቦልን ሳናነበው እንፈርማለን። ኖሪስ ግን በሕይወታቸው ውስጥ ያለፉበት ትልቅ ጉዳይ ሁሉ የተወሰነው በውል ወረቀት ላይ ነው፤ መጨረሻቸውን ያበላሸውም ወረቀት መሆኑን ኋላ እናያለን።

ከጠበቃው ቤት ወጥተው ከአንድ ባልንጀራቸው ጋር የሥራ ተቋራጭ ሆኑ። በምዕራብ ሎንዶን በምትገኘው በፉልሃም ባዶ የነበረውን መሬት እየገዙ ቤቶችን ረድፍ በረድፍ ሠርተው ለመካከለኛው ክፍል ሕዝብ ሸጡ፤ ባለጸጋም ሆኑ። በ1909 ዓ.ም. የፉልሃም ከንቲባ ሆነው ተመርጠው እስከ 1919 ዓ.ም. ድረስ ዐሥር ዓመት በሹመታቸው ቆዩ። በጦርነቱ ጊዜ ወታደር በመመልመል ስላገለገሉ በ1917 ዓ.ም. የሰርነት ማዕርግ ተሰጣቸው፤ የኰሎኔልነትም ማዕርግ ነበራቸው። ከ1918 እስከ 1922 ዓ.ም. ደግሞ በወግ አጥባቂው ፓርቲ በኩል የፓርላማ አባል ሆነዋል። በአጭሩ የድኻ ልጅ ሊደርስበት ይችላል ተብሎ ከማይገመት ቦታ ደርሰዋል።

ወደ እግር ኳስ የገቡት በፉልሃም ክለብ በኩል ነው። በ1903 ዓ.ም. የክለቡ ሊቀ መንበር ሆኑ። ክለቡን ደመወዝ በሚከፈላቸው ተጫዋቾች አደራጅተው በ1906 እና በ1907 ዓ.ም. የደቡቡን ሊግ ሁለት ጊዜ በተከታታይ እንዲያሸንፍ፥ ቀጥሎም ወደ ትልቁ ሊግ ሁለተኛ ዲቪዚዮን እንዲገባ አደረጉ። በ1905 ዓ.ም. አንድ ባለሀብት ስታምፎርድ ብሪጅ የተባለውን ሜዳ በዓመት 1,500 ፓውንድ እንዲከራዩት ቢጠይቃቸው ኪራዩ በዛ ብለው እምቢ አሉ። ባለሜዳውም ተከራይ ቢያጣ ለሜዳው የራሱን ክለብ አቋቋመለት፤ ያ ክለብ ቼልሲ ነው። ኖሪስ በዚያ ቀን ከኪራይ ያተረፉት ገንዘብ ለጎረቤታቸው ለፉልሃም በጣም ኃይለኛ ተወዳዳሪ አፍርቶበታል።

አሁን ከምዕራብ ሎንዶን ተነሥተን ወደ ከተማይቱ ምሥራቅ ጫፍ፥ ከቴምዝ ወንዝ በስተደቡብ ወዳለችው ወደ ዎልዊች እንሻገር። በዎልዊች የእንግሊዝ መንግሥት ትልቅ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ነበረው፤ አርሴናል የሚለው ስም የመጣው ከዚያ ነው። በ1886 ዓ.ም. ዳያል ስኩዌር የተባለው የፋብሪካው ክፍል ሠራተኞች ገንዘብ አዋጥተው ኳስ ገዙና ቡድን አቋቋሙ። ዛሬ በአዲስ አበባ መንገድ ላይ የምናየው ቀይ ማልያም በዚያን ጊዜ ኖቲንግሃም ፎረስት የተባለው ክለብ ከሰጣቸው ልብስ የመጣ ነው።

በ1893 ዓ.ም. የሚጫወቱበት ሜዳ ባለቤት ኪራዩን ባናረባቸው ጊዜ ሠራተኞቹ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። የአክሲዮን ማኅበር አቋቁመው፥ አንዱን አክሲዮን በአንድ ፓውንድ እየገዙ፥ በዎልዊች አጠገብ በፕለምስቴድ ማነር ግራውንድ የተባለውን ሜዳ የራሳቸው አደረጉ። በመጀመሪያ አክሲዮን የገዙት 860 ሰዎች ሲሆኑ፥ አብዛኞቹ በእጃቸው ሥራ የሚያድሩ የሰፈሩ ነዋሪዎች ነበሩ። በዚያው ዓመት ከደቡብ እንግሊዝ ክለቦች ሁሉ ቀድመው ወደ ሊጉ ገቡ፤ በ1904 ዓ.ም. ወደ አንደኛ ዲቪዚዮን ወጡ። አንድ ላብ አደር የሳምንት ደመወዙን ቆርጦ የገዛው አክሲዮን ትርፍ ያመጣልኛል ብሎ አይደለም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሜዳው ዳር ቆሞ ይህ የእኔ ነው ለማለት ነው። የኋላውን ጥል ለመረዳት የሚፈልግ ሰው ይህን ነጥብ መያዝ አለበት።

ይሁን እንጂ ፍቅር ብቻውን ክለብ አያኖርም። ፕለምስቴድ ከከተማው መካከል ሩቅ ስለ ነበረች ከሌላ ሰፈር የሚመጣ ተመልካች ጥቂት ነበር። በደቡብ አፍሪካ ከቦር ሰዎች ጋር በተደረገው ጦርነት ጊዜ ሠራተኛው ቅዳሜም ጭምር ጥይት ሲሠራ ስለሚውል ሜዳው ባዶ ሆነ፤ ጦርነቱ ሲያልቅ ደግሞ ፋብሪካው ሰው ቀነሰ። በ1910 ዓ.ም. አካባቢም የቶርፔዶው ክፍል ወደ ስኮትላንድ ሲዛወር ብዙ ቤተ ሰብ ተከትሎ ሔደ። በዚህ ላይ ቼልሲና ቶተንሃም ተመልካቹን ተሻሙት። ክለቡ ዕዳውን ለመክፈል ደህና ደህና ተጫዋቾቹን ይሸጥ ጀመር። እነሱን በሸጠ ቍጥር ይሸነፋል፤ በተሸነፈ ቍጥር ተመልካቹ ይቀንሳል፤ ተመልካቹ ሲቀንስ ዕዳው ይበዛል። ጆርጅ ሊቪ የተባሉ የዎልዊች የልብስ ነጋዴ ከኪሳቸው እያወጡ ጥቂት ጊዜ ደግፈውት ነበር፤ እሳቸውም ደከሙ። በ1910 ዓ.ም. ማኅበሩ ፈረሰ። የ1893ቱ አክሲዮንም አብሮ ከሰመ።

ኖሪስ የመጡት በዚህ ሰዓት ነው። ዊልያም ሆል ከተባሉት የንግድ ባልንጀራቸው ጋር ሆነው አዲስ ማኅበር አቋቁመው ክለቡን ያዙ። የመጀመሪያ ሐሳባቸው ዎልዊች አርሴናልን ከፉልሃም ጋር አንድ አድርገው በሎንዶን ትልቅ ክለብ ማቆም ነበር። ሊጉ ከለከለ። ሁለቱ ክለቦች በፉልሃም ሜዳ በየተራ ይጫወቱ ብለው ቢጠይቁም አልተፈቀደላቸውም። ለአዲሱ ማኅበር አክሲዮን እንዲገዛ የዎልዊች ሕዝብ ቢጠየቅም የገዛው ሰው ጥቂት ሆነ። ኖሪስ ይህን አልረሱትም። ሕዝቡ ገንዘቡን ካላወጣ ስለ ክለቡ ሊናገር ምን ሥልጣን አለው የሚል አስተያየት በአድራጎታቸው ሁሉ ይታያል። የሕዝቡን ወገን ይዞ ለሚመለከተው ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከሥራ የተቀነሰ ሰው፥ የመጀመሪያው አክሲዮኑ በዐይኑ ፊት ብን ብሎ የጠፋበት ሰው፥ ከምዕራብ ሎንዶን ለመጣ ባለጸጋ ሁለተኛ ጊዜ ኪሱን ባይከፍት ምኑ ያስደንቃል?

በ1912–13 የውድድር ዘመን ነገሩ ከድጡ ወደ ማጡ ሆነ። ክለቡ ከ38 ጨዋታ ያሸነፈው ሦስቱን ብቻ ነው፤ ከነዚያም በገዛ ሜዳው ያሸነፈው አንዱን ነው። ያገባው ጎል 26፥ ያገኘው ነጥብ 18 ሆኖ በመጨረሻው ደረጃ ወደ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ወረደ። ደጋፊው በዝናብ ቆሞ ሽንፈት ሲመለከት፥ ኖሪስ በሎንዶን ካርታ ላይ የምድር ውስጥ ባቡር የሚያልፍበትን ሰፈር ይፈልጉ ነበር። በመጨረሻም በሰሜን ሎንዶን ሃይበሪ በተባለው ቦታ የአንድ የሥነ መለኮት ኮሌጅ መጫወቻ ሜዳ አገኙ። ለ21 ዓመት በ20,000 ፓውንድ ተዋዋሉ። በውሉ ውስጥ በስቅለት ዓርብና በገና ዕለት ጨዋታ እንዳይደረግ፥ በሜዳውም መጠጥ እንዳይሸጥ ተጽፎበታል፤ የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስም ፈርመውበታል።

ወሬው በ1913 ዓ.ም. መጀመሪያ በተሰማ ጊዜ ከየአቅጣጫው ተቃውሞ ተነሣ። የሃይበሪ ነዋሪዎች ሁከትና ጩኸት ይመጣብናል ብለው ተቃወሙ። በዚያው አጠገብ የሚገኘው ቶተንሃምና ክላፕተን ኦሪየንት የተባለው ሌላው ክለብ ተመልካቻችን ይወሰድብናል ብለው ለሊጉ አቤት አሉ። ሊጉ መርምሮ አንድ ክለብ ሜዳውን ቢለውጥ ለመከልከል ሥልጣን የለኝም አለ። ልብ በሉ፤ አቤቱታው የተሰማው የክለቦቹ ነው። የዎልዊች ደጋፊዎች ግን የቁጣ ደብዳቤያቸውን ለአካባቢው ጋዜጦች ከመላክ በስተቀር የሚቆሙበት ችሎት አልነበራቸውም። ማኅበሩ የኖሪስ ነው፤ አክሲዮኑ የኖሪስ ነው፤ ደጋፊው በሕግ ዐይን በሩ ላይ ከፍሎ የሚገባ እንግዳ ነው።

እዚህ ላይ የጸሐፊው አስተያየት ቢጠየቅ፥ በሒሳብ በኩል ኖሪስ ልክ ነበሩ። ክለቡ በፕለምስቴድ ቢቀር ኖሮ ብዙ ዓመት የሚኖር አይመስልም፤ ዛሬም አርሴናል የሚባል ስም ባልሰማን ነበር። ነገር ግን የዎልዊች ሰዎች የተቈጡት ሒሳብ ስላልገባቸው አይደለም። ሽንፈቱንም ቢሆን ለምደውታል። ያልቻሉት ነገር ሳይጠየቁ መቅረታቸውን ነው። ቤት ሠርቶ የሚሸጥ ሰው ሰፈር ማለት የመሬት ዋጋና የባቡር ጣቢያ መስሎ ሊታየው ይችላል፤ ከመሥራቾቹ ጋር በአንድ ፋብሪካ ለሠራ ሰው ግን ክለቡ ያለ ዎልዊች ምንም አይደለም። አንደኛው ሁለተኛውን ጠርቶ አላነጋገረውም።

አርሴናል በመሔዱ በዚያው አጠገብ የነበረው ቻርልተን የተባለ ትንሽ ክለብ አጋጣሚውን አግኝቶ አደገ፤ በ1921 ዓ.ም. ወደ ሊጉ ገባ። የሚገርመው ነገር በ1985 ዓ.ም. የቻርልተንም አስተዳዳሪዎች ክለቡን ከሜዳው አንሥተው ወደ ሌላ ሰፈር ወሰዱት። በዚህ ጊዜ ግን ደጋፊዎቹ ደብዳቤ በመጻፍ ብቻ አልተወሰኑም። በ1990 ዓ.ም. በተደረገው የማዘጋጃ ቤት ምርጫ በሜዳው ስም ፓርቲ አቋቁመው ተወዳደሩና 14,838 ድምፅ አገኙ። በታኅሣሥ 1992 ዓ.ም. ክለቡ ወደ ሜዳው ተመለሰ። ዎልዊችና ፕለምስቴድ የሚገኙት በዚሁ ማዘጋጃ ቤት ክልል ውስጥ ነው።

ወደ ኖሪስ እንመለስ። በመስከረም 6 ቀን 1913 ዓ.ም. በሃይበሪ የመጀመሪያው ጨዋታ ሲደረግ ስታዲየሙ ገና አላለቀም ነበር። አርሴናል ሌስተር ፎስን 2 ለ 1 አሸነፈ። በዚያ ቀን የተጎዳው ተጫዋች ጆርጅ ጆቤ ከሜዳው የተወሰደው በወተት ሻጭ ጋሪ ነው ይባላል። ብዙም ሳይቆይ ዎልዊች የሚለው ቃል ከክለቡ ስም ላይ ተፋቀ። መድፉ ግን በዓርማው ላይ ቀረ፤ እስከ ዛሬም አለ።

ጦርነቱ መጣና በ1915 ዓ.ም. ሊጉ ቆመ። ኖሪስ በአዲሱ ስታዲየም ዕዳ ላይ ተቀመጡ። ሰላም ሆኖ በ1919 ዓ.ም. ውድድሩ ሲመለስ አንደኛ ዲቪዚዮን ከ20 ወደ 22 ክለቦች ከፍ እንዲል ተወሰነ። ከጦርነቱ በፊት ቼልሲ 19ኛ፥ ቶተንሃም 20ኛ ሆነው ነበር። ቼልሲ እንዲቀር ያለ ክርክር ተፈቀደለት። ለቀረችው አንዲት ቦታ ግን ድምፅ ይሰጥ ተባለ። በሁለተኛ ዲቪዚዮን ካሉት ክለቦች ውስጥ ከአርሴናል በላይ የጨረሱ እያሉ አርሴናል 18 ድምፅ፥ ቶተንሃም 8፥ ባርንስሊ 5 አገኙ። የሊጉ ፕሬዚዳንት ጆን መኬና አርሴናል ለሊጉ ብዙ ዘመን ያገለገለ ክለብ ነው ብለው ተናግረውለታል። ኖሪስ ከስብሰባው በፊት በየክለቡ ደጅ ምን ብለው እንደ ለመኑ፥ ምንስ ተስፋ እንደ ሰጡ ብዙ ተወርቷል፤ ጉቦ ለመኖሩ ማስረጃ አልተገኘም። የሆነው ሆኖ አርሴናል በ1919 ዓ.ም. ወደ አንደኛ ዲቪዚዮን ከገባ ወዲህ እስከ ዛሬ አልወረደም። ቶተንሃሞችም ነገሩን እስከ ዛሬ አልረሱትም።

ከዚያ በኋላ ያሉት ስድስት ዓመታት ለደጋፊው አድካሚ ነበሩ። አሠልጣኙ ሌስሊ ናይተን ኋላ በጻፉት መጽሐፍ እንደ ተረኩት፥ ኖሪስ ለአንድ ተጫዋች ከ1,000 ፓውንድ በላይ እንዳይወጣ፥ ቁመቱ አጭር የሆነም ተጫዋች እንዳይገዛ አዝዘው ነበር። ክለቡ በየዓመቱ ከመውረድ ለጥቂት ሲተርፍ የሃይበሪ ተመልካች ባለቤቱ ገንዘብ ሰስተውብናል ብሎ ማጉረምረም ያዘ። በ1925 ዓ.ም. ናይተን ተሰናበቱ። ኖሪስ በስፖርት ጋዜጣ ባወጡት የሥራ ማስታወቂያ ውስጥ ብዙ ገንዘብ ካላወጣሁ ቡድን መሥራት አልችልም የሚል ሰው ከቶ እንዳያመለክት አሳሰቡ።

ሥራውን ያገኙት የሃደርስፊልዱ ኸርበርት ቻፕማን ገንዘብ ማውጣትን የማይፈሩ ሰው መሆናቸው ነገሩን ያስቃል። ደመወዛቸው በዓመት 2,000 ፓውንድ ሆነ። ወዲያውም ቻርሊ ባካን የተባለውን አጥቂ ከሰንደርላንድ ጠየቁ። ሰንደርላንድ 4,000 ፓውንድ አለ። ኖሪስ ተጫዋቹ 33 ዓመት ስለ ሆነው ዋጋው በዛ ብለው፥ 2,000 ፓውንድ በእጅ፥ በመጀመሪያው ዓመት ለሚያገባው ለእያንዳንዱ ጎል ደግሞ 100 ፓውንድ እንከፍላለን ብለው ተዋዋሉ። ባካን በዚያ ዓመት 21 ጎል አገባ። ሒሳቡ 4,100 ፓውንድ ሆነ ማለት ነው። ደጋፊው በየጎሉ ሲያጨበጭብ ባለቤቱ መቶ መቶ ፓውንድ ይቈጥሩ ነበር።

ኖሪስን ከክለቡ ያወጣቸው ግን የዎልዊች ቁጣ አይደለም፤ የቶተንሃም ቂም፥ የሃይበሪም ማጉረምረም አይደለም። በ1927 ዓ.ም. አንድ ጋዜጣ ስለ ክለቡ ሒሳብ አያያዝ ጻፈና የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር ምርመራ ጀመረ። ባካን ወደ አርሴናል ሲመጣ ከደንብ ውጭ ገንዘብ በድብቅ እንደ ተሰጠው፥ የኖሪስ የግል መኪና ነጂ ደመወዝ ከክለቡ ሣጥን እንደ ተከፈለ፥ የቡድኑ አውቶቡስ ሲሸጥ የተገኘውም 125 ፓውንድ ወደ ኖሪስ እጅ እንደ ገባ ተገለጸ። ኖሪስ ለክለቡ ካወጣሁት ሀብት ጋር ሲነጻጸር ይህ ምንድን ነው የሚሉ ሰው ነበሩ፤ ምናልባትም እውነት አላቸው። ማኅበሩ ግን ከእግር ኳስ ሥራ አገዳቸው። እሳቸውም ስሜ ጠፋ ብለው ከሰሱ። በየካቲት 1929 ዓ.ም. ዋናው ዳኛ ለማኅበሩ ፈረዱ። ከሃያ ዓመት በላይ የቆየውን የእግር ኳስ ኑሯቸውን የዘጋው የአንድ አሮጌ አውቶቡስ ዋጋ ሆነ።

የዘሩትን ሌላ ሰው አጨደው። በ1930 ዓ.ም. አርሴናል የመጀመሪያውን ትልቅ ዋንጫ ወሰደ፤ በ1931 ዓ.ም. ሊጉን አሸነፈ። በ1932 ዓ.ም. ኖሪስ በካርታ ላይ ያዩት የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ እንኳ ስሙ ተለውጦ አርሴናል ተባለ። የ1933ትም፥ የ1934ትም የሊግ አሸናፊ ያው ክለብ ነበር። ኸርበርት ቻፕማን በጥር 1934 ዓ.ም. ሲሞቱ ሃይበሪ በሙሉ አዘነላቸው፤ በስታዲየሙም ውስጥ ሐውልታቸው ቆመ። ሰር ሄንሪ ኖሪስ በዚያው ዓመት ሐምሌ 30 ቀን በልብ በሽታ በ69 ዓመታቸው ዐረፉ። ከክለቡ ታግደው ሰባት ዓመት ሆኗቸው ነበር። በፕለምስቴድ የነበረው የሠራተኞቹ ሜዳም ፈርሷል።